«አልተነካም» የሚል ይፈርም

ከዱባይና ከሻርጃ ተገዝተው በሞምባሳ በኩል ጁባ የሚገቡ ላንድክሩዘር 200 መኪኖችን የምንሸጥም የምንገዛም ወገኖች ነን። የምንናገረውም ለራሳችን ሰዎች ነው፦ ቱርቦው የተነካካ መኪና «ፋብሪካ እንደሠራው ነው» ብሎ መሸጥ ማታለል እንጂ ንግድ አይደለም።

ቱርቦ ማሻሻሉን አንቃወምም። አሸዋ ላይ መፍጠን የፈለገ ባለመኪና በገንዘቡ ያሻሽል። የምንቃወመው መደበቁን ነው። የዚህ መኪና 4.5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር 2 ቱርቦ አለው፤ አንዱ የግራውን፣ አንዱ የቀኙን 4 ሲሊንደር ይመግባል። ከፋብሪካው ልክ በላይ አየርና ናፍታ ሲሰጠው ጉልበቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ፒስተኑ፣ ቱርቦውና ካምቢዮው ዋጋውን የሚከፍሉት ቆይቶ፣ መኪናው ከሻጩ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። በእቁብ ተጠራቅሞ ለተገዛ የቤተሰብ መኪና ይህ ዕዳ ከሜዳ ነው።

«ገዢ ዓይኑን ይክፈት» ይሉናል። ዓይን የሚያየው አለ፦ በፋብሪካው ጥቁር ጎማ ቱቦ ፋንታ የገባ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሲሊኮን፣ ቁልፍ የፋቀው ብሎን፣ አንዱ ቱርቦ አሮጌ ሆኖ ሌላው አዲስ መሆኑ፣ የተበየደ ወይም የሰፋ የጭስ ማውጫ፣ ከሴንሰር ገመድ ጋር የተሰካች ትንሽ ሣጥን፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣ ጥቁር ጭስ። እነዚህን ያላየ ገዢ ይወቀስ።

የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን አዲስ ፕሮግራም ግን የትኛው ዓይን ያየዋል? አንዳንዱ የፋብሪካውን መለያ ቁጥር እንዳለ ስለሚተወው ተራ ስካነርም ያልፈዋል። ይህን የሚያውቀው ያሠራው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመናገሩ ግዴታ በሻጩ ላይ ይወድቃል።

«ብንናገር ዋጋው ይወርዳል» የሚሉም አሉ። ይውረድ! እውነት ስትነገር የሚወርድ ዋጋ መጀመሪያም የመኪናው ዋጋ አልነበረም። ሦስት አገር በሚያቋርጥ ንግድ ለክስ የሚመች ፍርድ ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ያለን ቃላችን ነው። አንድ ሻጭ ሲዋሽ የሚረክሰው የሁላችንም ቃል ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የሁለቱንም ቱርቦ ፎቶ ጠይቁ፤ የተጻፈባቸው ቁጥር ይታይ፣ መካኒክም ለሻንሲ ቁጥሩ ከተመዘገበው ዕቃ ጋር ያመሳክረው። በውሉ ላይም «ቱርቦውም ኮምፒውተሩም አልተነካም፤ ተነክቶ ቢገኝ ገንዘቡን እመልሳለሁ» የሚል አንቀጽ አስገቡ። በአፉ የሚምል፣ በብዕሩ ግን የማይፈርም ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደሚፈርመው ሂዱ።