«ኮቨር ነው» አትበሉኝ

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዶርማችን በጣም አሰልቺው ሰው እኔ ነበርኩ። አንዱ ዘፈን ከፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመሰጥ እጠብቅና «ኦሪጅናሉን ግን ሰምተኸዋል?» እለዋለሁ። «አልሰማሁም» ካለኝ አሸነፍኩ ማለት ነው። ምን እንዳሸነፍኩ ዛሬም አላውቅም።

ከድሎቼ ሁሉ የምኮራው በ«ሪስፔክት» ባገኘሁት ነበር። አሬታ ፍራንክሊን በገዛ ቤቷ ክብሯን የምትጠይቅበትን ያንን ዘፈን፣ ስሙን ባታውቁት እንኳ ድምፁን ታውቁታላችሁ፤ ከፊልም፣ ከማስታወቂያ፣ ከሰው ሠርግ። «የሷ እኮ አይደለም። የኦቲስ ሬዲንግ ነው። እሷ ኮቨር ነው ያደረገችው» ስል ዶርሙ ጸጥ ይል ነበር። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚያሸንፍበት ሌላ ሜዳ ብዙም የለውም።

ይህን የምጽፈው ያችን ዓረፍተ ነገር መልሼ ለመዋጥ ነው። መረጃዋ ትክክል ነው፤ ዘፈኑን የጻፈው ኦቲስ ነው። ግን «ኮቨር ነው» ስንል አንድ ሙሉ ሥራ እንዳልተሠራ እንቆጥራለን፤ ከሥራው ጋር የሠራተኛው ገንዘብም አብሮ ይጠፋል።

ይህ የገባኝ በእህቴ ነው። እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከባንድ ጋር ማታ ማታ ትዘፍናለች፤ ስምንት ዓመት ሆናት። አንድ ምሽት አንድ ደንበኛ፣ በቅንነት እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል፣ «ጎበዝ ነሽ! የራስሽን ደግሞ መቼ ነው የምንሰማው?» አላት። ፈገግ ብላ አመሰገነችው። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ጫማዋን እያወለቀች «እስካሁን ስዘፍን ያመሸሁት የማንን ነበር ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ያን ሰውዬ ሆኜ ነው የኖርኩት።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1965 ኦቲስ ሬዲንግ ሜምፊስ ከተማ፣ የድሮ ሲኒማ ቤት በነበረው የስታክስ ስቱዲዮ ውስጥ «ሪስፔክት»ን ቀዳ። ታሪኩ የአንድ ሠራተኛ ወንድ ነው። ገንዘቡን ያመጣል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ እንዲከበር ይፈልጋል። ጡሩምባዎቹ እየገፉት በጥድፊያ ይዘፍነዋል። በጥቁሮቹ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ 35ኛ ደረሰ። ጥሩ ዘፈን ነው። በበኩሌ ዛሬም እወደዋለሁ፤ ከበሮው ብቻ ከወንበር ያስነሳል። በ1966 ራሽናልስ የሚባሉ የሚሺጋን ልጆችም ተጫውተውታል፤ እሱን እንለፈው።

በፌብሩዋሪ 14፣ 1967 አሬታ ኒው ዮርክ በሚገኘው የአትላንቲክ ስቱዲዮ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። 24 ዓመቷ ነው። ከኋላዋ ተቀባዮቹ እህቶቿ ኧርማ እና ካሮሊን ናቸው፤ መቅጃው ላይ ቶም ዳውድ፣ ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ዌክስለር። ከዚያ ምን ሠራች? በመጀመሪያ ተናጋሪው ሴት ሆነች፤ ይህ ብቻውን የዘፈኑን ትርጉም ገለበጠው። ባልየው ይለምን የነበረውን፣ እሷ የራሷ ዕቃ እንደሆነ ነገር «መልሱልኝ» በሚል ድምፅ ጠየቀችው። ሙዚቃው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቃሉን ፊደል በፊደል የምትቆጥርበትን ቦታ ጨመረች። እህቶቿ እንደ ጥይት የሚደጋግሙትን አጭር ሐረግም ከካሮሊን ጋር አመጡት። የኦቲስ ሸክላ ላይ ሁለቱም የሉም።

አሁን አንድ ሙከራ አድርጉ። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ፈልጉና «እስቲ አንጎራጉረው» በሉት። የሚያንጎራጉርላችሁ በ1965ቱ ሸክላ ላይ የሌለውን ክፍል ነው። እኔ ቢሮ ውስጥ አምስት ሰው ላይ ሞክሬዋለሁ፤ አምስቱም ፊደል ቆጠሩ።

ሌላም አለ። የኦቲስ ዘፈን ብሪጅ አልነበረውም፤ ብሪጅ የምለው ዘፈኑ መሃል ላይ መንገድ ቀይሮ ሄዶ የሚመለስበትን ክፍል ነው። አሬታና ሰዎቿ ከሳም እና ዴቭ «ዌን ሰምቲንግ ኢዝ ሮንግ ዊዝ ማይ ቤይቢ» ኮርዶቹን ወስደው መሃሉ ላይ ተከሉት፤ በላዩም ኪንግ ከርቲስ ሳክስፎኑን ነፋ። በእኛ ሙያ ላይብረሪ መጥራት እንለዋለን። ኮዱ የሌላ ሰው ነው፤ የት ቦታ እንደሚገባ ማወቅ ግን ሥራ ነው። ደመወዝ የሚከፈለንም ለዚያው ነው።

በጁን 1967 ዘፈኑ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ ስምንት ሳምንት። ሁለት ግራሚ አገኘ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2021 ባወጣው የ500 ዘፈኖች ዝርዝር ላይ አንደኛ የተቀመጠው ይኸው ነው፤ የአሬታው። ኦቲስም ቢሆን በዚያው ጁን ሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ መድረክ ወጥቶ፣ ይህን ዘፈን አንዲት ልጅ ወሰደችብኝ ብሎ እየቀለደ ነው የዘፈነው።

ደራሲው የሚለው መስመር ላይ ግን አንድ ስም ብቻ አለ፤ ኦቲስ ሬዲንግ። አሜሪካ ውስጥ ኤኤምም ሆነ ኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲውና ለአሳታሚው ይከፍላል። ለዘፋኟ፣ ለተቀባዮቹ፣ ለሳክስፎኒስቱ አይከፍልም። ዛሬም አይከፍልም። ሸክላው ሲሸጥ ከኩባንያዋ ድርሻ ነበራት፤ ሬዲዮው በየቀኑ ሲጮህ ግን ለእሷ ዜሮ ነው። በኢንተርኔትና በሳተላይት ለሚተላለፈው ሙዚቃ ከ1995 ጀምሮ ለዘፋኞችም ክፍያ ተፈቀደ። ችግሩ፣ ከ1972 በፊት የተቀዱት በፌዴራሉ ሕግ አልተሸፈኑም ነበር። ያንን ያስተካከለው ሕግ የተፈረመው በኦክቶበር 2018 ነው። አሬታ የሞተችው በኦገስት 2018 ነው።

ኮቨሩን የሚፈቅደው ሕግ ደግሞ ከዚያ የባሰ አስቂኝ ነው። መነሻው የ1909 ሕግ ሲሆን፣ የተጻፈው በጥቅል ወረቀት ራሱን ለሚጫወት ፒያኖ ነበር። ዘፈኑ አንዴ ከወጣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይለምን፣ በአንድ ቅጂ ሁለት ሳንቲም ከፍሎ መልሶ ሊቀዳው ይችላል። ያች ሁለት ሳንቲም እስከ 1978 አልተነካችም። በ1976 ሕጉ ሲታደስ፣ ዘፈኑን ለራስህ አዘፋፈን ማመቻቸት ትችላለህ፤ ዋናውን ዜማና መሠረታዊ ባሕርዩን ግን እንዳትቀይር፤ ያመጣኸውም ቅንብር ባለቤቱ ካልፈቀደ የራሱ ጥበቃ የለውም አለ። አስቡት። ካልቀየርከው ምንም አልሠራህም። ከቀየርከው አጥፍተሃል። በመሃል ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ ብትቆምም የሠራኸው የሌላ ሰው ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የሌላ ሰው ክፍያ ሲስተም ተረክቤ አራት ወር ሙሉ ከሥር እንደገና ጻፍኩት። ሥራ ላይ የዋለ ቀን በስብሰባው የተጨበጨበለት ፋይሉ አናት ላይ ስሙ የነበረው ሰው ነው፤ እሱ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ተናድጄ ጊት ላይ ገብቼ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳየውን ትእዛዝ አሄድኩ፤ ስሜ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ መጣ። ማንም አላየውም፤ እኔ ግን ተረጋጋሁ። ለአሬታ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም።

«ቆይ፣ ኮቨር እኮ የጥቁሮችን ሙዚቃ የተዘረፉበት መንገድ ነው፤ አንተ ለዘራፊው ነው የምትከራከረው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንደውም ለእኔ ነው የሚመሰክረው። በ1955 ላቬርን ቤከር የምትባል ጥቁር ዘፋኝ «ትዊድሊ ዲ» የሚል ዘፈኗ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ 14ኛ ደረሰ። ጆርጂያ ጊብስ የምትባል ነጭ ዘፋኝ ቅንብሩን ከነትንፋሹ ገልብጣ ቀዳችውና 2ኛ ሆነች። የቤከርን የቀዳው ቶም ዳውድ ነበር፤ አዎ፣ ያው የ«ሪስፔክቱ» ዳውድ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ የጊብስ ሰዎች ደውለው እሱንም ለመቅጠር ሞክረዋል። ቤከር ለዲትሮይቱ የኮንግረስ አባል ለቻርልስ ዲግስ አቤቱታ ጻፈች፤ ቅንብርም በሕግ ይጠበቅ ብላ። የሰማት የለም። (በአውሮፕላን ስትጓዝ የሕይወት ኢንሹራንስ ገብታ ወራሽ አድርጋ የጻፈችው ጊብስን ነው ይባላል፤ እኔ ብሞት መተዳደሪያሽ ይቀራልና ብላ።)

እንግዲህ የቤከርን ቅንብር ያስዘረፈው ቀዳዳና የአሬታን ቅንብር ያስቀረው ቀዳዳ አንድ ነው። ቅንብር ሥራ ነው ቢባል ኖሮ ጊብስ ለቤከር ትከፍል ነበር፤ አሬታም ይከፈላት ነበር። «ኦሪጅናሉ ይበልጣል» የሚለው ሰው ለቤከር የሚከራከር ይመስለዋል። ግን እሷም «ትዊድሊ ዲ»ን አልጻፈችውም። በእሱ ሚዛን እሷም ባዶ እጇን ናት።

ኦቲስም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በ1966 የቀዳው «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» በ1932 ሦስት ሰዎች የጻፉት ለስላሳ የዳንስ ቤት ዘፈን ነው። ኦቲስና የስታክስ ልጆች፣ አይዛክ ሄይስ በቅንብሩ ገብቶበት፣ በሹክሹክታ ጀምረው በእሳት ጨረሱት። በ2011 ጄይ ዚ እና ካኒዬ ዌስት ከዚያ ቅጂ ቆርጠው ዘፈን ሠሩና ስሙን «ኦቲስ» አሉት። በደራሲነት ከተመዘገቡት መካከል የ1932ቱ ሦስቱ ሰዎች አሉ። ኦቲስ የለም።

ኧርማን ደግሞ እዩልኝ። በ«ሪስፔክት» ላይ ከአሬታ ኋላ የዘፈነችው ታላቅ እህቷ፣ በዚያው በ1967 «ፒስ ኦፍ ማይ ሃርት»ን ቀዳች፤ በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ 10ኛ ገባ። በዓመቱ ጃኒስ ጆፕሊን ከባንዷ ጋር ቀዳችው፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የጃኒስን ነው። ታናሽየዋ የሰው ዘፈን ወስዳ የራሷ አደረገች፤ ታላቅየዋ የዘፈነችውን ሌላ ሰው ወሰደባት። ሁለቱም ደራሲ አልነበሩምና ሁለቱም ከሬዲዮ አንድ ሳንቲም አላዩም።

ምን ይደረግ ታዲያ? ፈቃድ ይጠየቅ አልልም። አሬታ ፈቃድ መለመን ቢኖርባት «ሪስፔክት» ላይኖር ይችል ነበር። በሩ ክፍት ይሁን፤ ክፍት የሆነ ኮድ ወስዶ እንደመቀጠል። ከገባ በኋላ ግን ማን ምን እንደጨመረ ይጻፍ፤ ከገቢውም ይካፈል። «የት ላይ ይቆማል? ቁልፍ ዝቅ ያደረገ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ነው?» ትሉኛላችሁ። አስቸጋሪ ነው፤ አልክድም። ቁልፍ ዝቅ ማድረግ ቅንብር አይደለም፤ አንድ ብሪጅ መትከል ግን ነው፤ በመሃል ያለው ላይ እንጨቃጨቅ። ማን የትኛውን ግጥም ጻፈ በሚልም ሰዎች ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ፤ አስቸጋሪ ነው ተብሎ የገጣሚ ድርሻ አልተሰረዘም።

የሚያናድደኝ ደግሞ እኛ ቃሉ አለን። የድሮ ካሴት ሽፋን ገልብጡና አንብቡ፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ሦስተኛዋን መስመር ልጅ ሆነን ያነበብነው ነው፤ አቀናባሪ የሚባል ሰው እንዳለ ከፊደል ጋር አብረን ነው የተማርነው። ታዲያ አንድ ወጣት የድሮ ዘፈን አንስቶ ኮርዱን፣ ምቱን፣ መግቢያውን ለውጦ ሲጫወት ያች መስመር ወዴት ትሄዳለች? ዩቲዩብ ላይ «ኮቨር» ብለን እንጽፍና በቃ። ከሥሩም «ኦሪጅናሉን የሚያክል የለም» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንኳ ሳንሰማ።

ባለፈው ወር እህቴ የዘፈነችውን በስልኬ ቀርጬ ለጓደኞቼ ላክሁት። ከሥሩ የገጣሚውን ስም ጻፍኩ፤ የዜማ ደራሲውን ስም ጻፍኩ፤ ከዚያ «ቅንብር» ብዬ የእህቴን ስም ከነአባቷ አስከተልኩ። ደስ እንዲላት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደወለች።

«ቤዚስቱን ረስተኸዋል» አለችኝ። «ያን መግቢያ እኮ እሱ ነው ያመጣው።»

አስተካክዬ እንደገና ላክሁት።