ፊደል አፍ መፍታትን አይጠብቅም

«መጀመሪያ አፉን ይፍታ፣ ይረጋጋ፤ ፊደሉ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል።» ልዩ ፍላጎት ስላላቸው ሕፃናት ከወላጅም ከመምህርም በብዛት የሚሰማው አስተያየት ይህ ነው። በቅንነት እንደሚሰነዘር አልጠራጠርም። ግን ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሕፃኑ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሞርፌትና ዋሽበርን የተባሉ አሜሪካውያን፣ ልጅ ንባብ መጀመር ያለበት የአእምሮ ዕድሜው ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላ ነው ብለው ጻፉ፤ ብዙ መምህራንም ለአሥርት ዓመታት ተከተሏቸው። የኒውዚላንዷ ማሪ ክሌይ እ.ኤ.አ. በ1966 ካቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ወዲህ ግን፣ ንባብ ልጁ ሥዕል ሲያገላብጥ፣ ሲሞነጫጭርና ተረት ሲያዳምጥ ቀስ በቀስ የሚያቆጠቁጥ መሆኑ እየታወቀ መጣ።

ማስረጃው ከአገራችንም አይርቅም። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ያዘጋጁት «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ንግግር የሌላቸውን ልጆች በአማርኛ ፊደላት ድምፅ ወደ ቃል ለማምጣት የታለመ ነው። እዚህ ላይ ፊደል ንግግርን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ ራሱ የንግግር መንገድ ሆነ።

ከወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ለሚኖር የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ማዕከል ሩቅ ነው። ቡናው ግን በየቀኑ ይፈላል። እናት «ቡ»ን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ ረከቦቱ አጠገብ ብታስቀምጥ፣ «ቡ፣ ና» እያለች ሁለቴ ብታጨበጭብ፣ ልጁም በጣቱ ወይም በዓይኑ ቢያመለክት፣ ንባብ ተጀመረ ማለት ነው። እርሳስ መያዝ የተሳናት ልጅ ሰፌድ ላይ በተበተነ ዱቄት ጣቷን እያስኬደች ትጽፋለች። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም ቅርጽ በተራ ማስቆጠር ለእንዲህ ያለ ልጅ አድካሚ ነው፤ ከገዛ ስሙና ከቤቱ ዕቃ መነሣት ይሻላል።

ሁሉም ልጅ ግን በአንድ መንገድ አይሄድም። መስማት ለተሳናት ልጅ ጭብጨባው ትርጉም የለውም፤ የምልክት ቋንቋና የጣት ፊደል ያስፈልጋታል። በአማርኛ ብሬይል ደግሞ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ «ቡ» ሁለት ምልክት ይሆናል። ይህን ለወላጅ የሚያሳይ ባለሙያ የግድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ «ቤት ይማር» ማለት ልጁን ደብቆ ማስቀመጥን ማጽደቅ ነው የሚለው ነው። ስጋቱ እውነት ነው። የደቡብ ወሎ ሣይንት ተወላጇ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ካጡ በኋላ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባይገቡ ኖሮ፣ የሕግ ባለሙያ መሆናቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 የተቀበሉት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትም የሚታሰብ አልነበረም። ትምህርት ቤትን የሚተካ ቤት የለም። የምከራከረው ከዚያ በፊት ስላሉት ዓመታት ነው፤ ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ «ገና ነው» ተብሎ እንዳይመለስ።

ሸክሙን ለእናት ብቻ መተውም ግፍ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24ም ብሬይልንና የምልክት ቋንቋን የማስተማር ግዴታ ይጥላል። መንግሥት ቤት ለቤት መድረስ እንደሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሳይተዋል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም የልዩ ፍላጎት መምህራን ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን ቤታቸው ሄደው እንዲያዩ፣ ወላጆቻቸውንም እንዲያሠለጥኑ የሥራ ሰዓትና የመጓጓዣ አበል ይመድቡ።