ክቡር ትሪቡንና ካታንጋ

«ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ የስፖርት መድረክ ላይ ተደጋግሞ ከመነገሩ የተነሣ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት መስሏል። የፌዴሬሽን ባለሥልጣን በመግለጫው፣ የክለብ ሥራ አስኪያጅ በቃለ ምልልሱ፣ የቴሌቪዥን ተንታኝ በዕረፍት ሰዓት ትንታኔው ይለዋል፤ አድማጩም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ላይ ላዩን ሲታይ የሰላም ምክር ይመስላል፤ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን በሜዳ ላይ ፖለቲካ የመሥራትን መብት ለአንድ ወገን ብቻ ጠቅልሎ የሚሰጥ ውል ሆኖ ይገኛል። ከክቡር ትሪቡን፣ ማለትም ባለሥልጣናት ከሚቀመጡበት የክብር ሥፍራ፣ የሚነገረው ሁሉ «ሀገራዊ መልእክት» ሲባል፣ በዝቅተኛ ዋጋ ከሚገባባቸው የስታዲየም መቀመጫዎች፣ ከካታንጋና ከሚስማር ተራ፣ የሚመለሰው መልስ «ፖለቲካ» ተብሎ ይወገዛል።

ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው አባባሉ ከመነሻውም የሚቆምበት መሬት አልነበረውም። ከሀገሪቱ ክለቦች በዕድሜ አንጋፋ የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አማካይነት የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባበት ዓመት ነው። ወራሪው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የክለቡን ስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ወደሚል ለወጠው፤ የከተማዋ ወጣቶች በሰማዕት ስም ተሰባስበው ኳስ መጫወታቸው ምን ትርጉም እንዳለው ከማንም በላይ የገባው እርሱ ነበርና። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር የተሰለፉት ቡድኖች የአርመን፣ የግሪክና የኢጣሊያ ማኅበረሰቦች እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ነበሩ፤ ዋንጫውንም የወሰደው የእንግሊዙ ሚሲዮን ነው። የዚያን ዘመን ተመልካች ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲደግፍ የሚደግፈው አሥራ አንድ ተጫዋቾችን ብቻ ነበር የሚል ካለ፣ ስለ ኳስም ስለ ተመልካችም ብዙ ይቀረዋል። ደርግም በተራው የዚሁ ክለብ የሰማዕት ስም ስላልተመቸው ቡድኑ ለዓመታት «ቢራ» ተብሎ ሲጫወት፣ በዚያ ስምም ሻምፒዮን ሲሆን ኖሯል። ስም ለዋጮቹ በርዕዮተ ዓለም ሰማይና ምድር ናቸው፤ ኳስን ያለ ፖለቲካ መተው ባለመቻል ግን አንድ ናቸው።

ለአባባሉ ከሁሉ የከበደው ፈተና ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት የታወቁትና ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ በአጭር ስሙ ካፍን፣ በፕሬዚዳንትነት የመሩት እኒህ ሰው በኢትዮጵያ የስፖርት አስተዳደር ውስጥ በአርአያነት የማይጠቅሳቸው የለም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ያደባለቀ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጪ ሆነች፤ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው በዚያ ጉዳይ ላይ የያዙት አቋም ከአፓርታይድ፣ ማለትም ሕዝብን በቆዳ ቀለም ከፋፍሎ ከሚገዛው ሥርዓት፣ ጋር የተደረገ ግልጽ የፖለቲካ ትግል ነበር። ኢትዮጵያ ተጋጣሚዋ ስለቀረች ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያ ውጤት ዛሬ ከስታቲስቲክስ ወዳዶች በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ከሜዳ ውጪ የተወሰነው ግን የአህጉሪቱ ኩራት ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ የይድነቃቸውን ስም በየመድረኩ እያነሡ ተመልካቹን «ፖለቲካ አታምጣ» የሚሉ ሹማምንት ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ ወይ ይድነቃቸው አጥፍተዋል፣ ወይ አባባሉ ስሕተት ነው።

መንግሥታት በበኩላቸው በዚህ ጉዳይ አንድም ጊዜ ጥርጣሬ አድሮባቸው አያውቅም። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. ከሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ስትቀር ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ መጓዙና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ኒውዚላንድን ለማገድ አለመፈለጉ ነበር፤ ሯጩ ምሩጽ ይፍጠርም ሁለቱን ወርቆቹን እስኪያጠልቅ የ1972ቱን ሞስኮ መጠበቅ ነበረበት። ለዚያ መቅረት ቢያንስ መርህ ነበረው። የ1976ቱ ሎስ አንጀለስ መቅረት ግን የሞስኮን ጎራ ተከትሎ የተደረገ ሲሆን፣ የ1981ዱ የሴኡል መቅረት ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር መወዳጀት ካልሆነ በቀር ለኢትዮጵያዊ አትሌት የሚገለጽ ምክንያት አልነበረውም። በላይነህ ዲንሳሞ ከሴኡል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1980 ዓ.ም.፣ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ሲቆይ ባለቤቱ በዓለም ላይ ከማንም ፈጥኖ በሚሮጥበት ዓመት ኦሊምፒኩን ከቤቱ ሆኖ እንዲከታተል ተፈረደበት። መንግሥት ይህን ሲወስን «ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ» ያለ ሹም አልተገኘም።

ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ አንድ አትሌት በራሱ ፈቃድ ተመሳሳይ ነገር ሲሞክር የተከተለው ምን እንደነበር ማየት ደግሞ ውሉን ገሃድ ያወጣዋል። ፈይሳ ሌሊሳ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ በማሳየት በኦሮሚያ ይደረግ የነበረውን ተቃውሞ መደገፉን አሳወቀ፤ ወደ ሀገሩም ሳይመለስ ቀረ። በቀጣዩ መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው መመሪያ ይኸው ምልክት በስም ተጠቅሶ ተከለከለ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ግን የፖለቲካው አየር ተለውጦ ነበርና ያው ሰው በባለሥልጣናት አቀባበል አዲስ አበባ ገባ። ምልክቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በትሪቡን ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንድ ተግባር ወንጀል ወይም ጀግንነት የሚሆነው ማን ሥልጣን እንደያዘ ታይቶ ከሆነ፣ የመለያ መስመሩ በስፖርትና በፖለቲካ መካከል ተሰምሮ አያውቅም ማለት ነው።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ከሹማምንቱ የተሻለ ግልጽነት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት ሐሳቡን የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ካረጋገጠ በኋላ፣ በንኡስ አንቀጽ 6 ይህ ነጻነት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ መሆኑን፣ ሕጉም ቢሆን የተነገረውን ሐሳብ ይዘትና ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ምክንያት ማድረግ እንደማይችል ያስቀምጣል። ይኸው ንኡስ አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ እንዲደረግ ይፈቅዳል፤ የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርንም ያግዳል። በነጻነቱና በገደቡ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የሚያናድድ፣ የሚያሾፍ፣ ለሹም የማይመች፣ ለጆሮ የማያምር ንግግር ሁሉ ይኖራል። የመናገር ነጻነት የተጻፈውም ለዚሁ ዓይነቱ ንግግር ነው፤ ሹምን የሚያሞግስ ዘፈን በየትኛውም ዘመን የሕግ ከለላ አስፈልጎት አያውቅም። ይህ አንቀጽም ስታዲየም በር ላይ እንደ ዣንጥላ ተነጥቆ የሚቀር አይደለም።

የተመልካቹ ጥያቄ «ስፖርታዊ» ወይስ «ፖለቲካዊ» ነው ብሎ መለየትም በተግባር የማይቻል ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ፣ «በሜዳው» የተጫወተው ማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም በሀገሪቱ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድም ስታዲየም አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን በአዲስ አበባ አዘጋጅታ፣ በፍጻሜውም ያችኑ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ፣ በአምበሏ በሉቺያኖ ቫሳሎ በኩል ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለች ሀገር ከስልሳ ዓመት በኋላ በሰው ሀገር ሣር ላይ «ባለሜዳ» የሆነችው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ፣ ስለ ኳስ ጠየቀ ወይስ ስለ በጀት፣ ስለ ኮንትራት፣ ለዓመታት ስለተጓተተው የአደይ አበባ ስታዲየም? መለየት የሚችል ካለ ይለይ። ከዚህም በላይ ከፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደሮች በጀት፣ ከመንግሥት ባንክና መድን ድርጅት፣ ከመከላከያና ከመሳሰሉት ተቋማት ካዝና ነው። ለአጥቂ የሚከፈለው የፊርማ ገንዘብ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሚመደበው ጋር ከአንድ ኪስ በሚወጣበት ሀገር፣ ግብር ከፋዩ ስለ አጥቂው ያለው አስተያየት ከግብር ከፋይነቱ አይነጠልም። መንግሥት በእግር ኳስ አስተዳደር ውስጥ እጁን ማስገባቱ የሚያስከፍለው ዋጋም ታይቷል፤ ፊፋ ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያን በፌዴሬሽኑ አመራር ውዝግብ አግዶ ብሔራዊ ቡድኑን ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያስወጣው የደጋፊ ጩኸት ሰምቶ አልነበረም።

የአባባሉ ተከራካሪዎች በዚህ ላይ ሌላ ቅሬታ ይጨምራሉ፤ ፖለቲካው ራሱ «እንደ ኳስ ድጋፍ» ሆኗል፣ ዜጋው በጭፍን ይደግፋል፣ ይላሉ። ቅሬታው የኳስ ደጋፊን ጨርሶ አያውቀውም። ደጋፊው የሰሌዳውን ውጤት እያለቀሰም ቢሆን ይቀበላል፤ ዳኛውን ይሰድባል እንጂ ዳኛ አያስፈልግም አይልም፤ የተሸነፈ ተጋጣሚ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ከራሱ ቡድን የበለጠ የሚተቸው የለም። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ አሰልጣኙ ይነሣ ብሎ ዘጠና ደቂቃ ሲጮህ ክለቡን ከዳ የሚለው ሰው የለም፤ ክለቡን ስለሚወድ መሆኑን የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ እንኳ አይክደውም። ከባሕር ማዶ ክለቦች ጋር በተያያዘም ነገሩ ያው ነው። አርሴን ቬንገር በ2010 ዓ.ም. ከአርሰናል ሲሰናበቱ፣ ይህንን ለዓመታት ሲጠይቁ ከነበሩት መካከል በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶች ክብ ሠርተው የተሟገቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ አንዳቸውም ፀረ አርሰናል አልተባሉም። በሀገር ፖለቲካ ግን ሹም ይነሣ ያለ ሰው ሀገር ይፍረስ እንዳለ ይቆጠራል፤ ተቃዋሚ ነን የሚሉትም የራሳቸውን መሪ የነቀፈ አባል ሲገጥማቸው ከዚህ የተለየ ምላሽ የላቸውም። ባለሥልጣንን ከተቋም፣ ተቋምን ከሀገር ለይቶ ማየት በኢትዮጵያ ከሞላ ጎደል የሚታየው በኳስ ሜዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፖለቲካው እንደ ኳስ ድጋፍ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ሜዳው ንጹሕ ነበር ለማለት አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሰውን በትውልዱ የሚያዋርዱ ጩኸቶች ተሰምተዋል፣ ድንጋይ ተወርውሯል፤ በአማራና በትግራይ ክለቦች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲሆኑ የተወሰነበት ጊዜም ነበር። ከዚያም የትግራይ ጦርነት መጣና መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በ2013 ዓ.ም. ከሊጉ ቀሩ። ነገር ግን ያንን ጥላቻ ካታንጋ አልወለደውም። ክለቦችን በክልልና በከተማ በጀት አቋቁመው የአስተዳደር ወሰን መለያ ያለበሷቸው፣ በስብሰባ አዳራሽ የተጀመረውን የወሰን ክርክር ማሊያ አልብሰው ወደ ሜዳ የላኩት ባለሥልጣናት ናቸው፤ ደጋፊው የተሰጠውን ስክሪፕት አጮኸው። ድንጋይ የወረወረ በወንጀል ሕግ ይጠየቅ፣ ሰውን በማንነቱ ለይቶ ጥቃት የቀሰቀሰ በጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይጠየቅ፤ ሹምን ብቻ የነቀፈ ግን ሊሰማ ይገባል። በቀድሞ ዘመን መኳንንቱ የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል፤ ስድብ የቀላቀለውን የእረኛ ግጥም መስማት ለእነርሱ ከክብራቸው አልጎደለባቸውም፤ የዛሬው ሹም ከዚያ የተለየ ቆዳ የለበሰበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ስፖርትንና ፖለቲካን መለየት የሚፈልግ አካል መለየቱን ከላይ ይጀምር። ባለሥልጣናት የክለብና የፌዴሬሽን ቦርዶችን ይልቀቁ፤ በጨዋታ ዕለት የሚሰቀሉ የመንግሥት መፈክሮች ይውረዱ፤ ከሕዝብ በጀት የሚተዳደር ክለብ ለተጫዋች የሚከፍለውን በየዓመቱ በይፋ ያሳውቅ፤ የፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴም ሹምን የነቀፈን ዝማሬ ሰውን በዘሩ ከሰደበ ዝማሬ ለይቶ ይመልከት። ይህ እስኪደረግ ድረስ ካታንጋ ዝም እንዲል የመጠየቅ መብት ማንም የለውም።