የማይታየው ሐይቅ

በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር መድፍ ነበረው፤ ጥይት ነበረው፤ የድንጋይ ግንብም ነበረው። ያልነበረው ውኃ ነው። ምንጩ ከምሽጉ ውጭ መሆኑን የተረዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ምንጩ እንዲያዝ ባደረጉ ጊዜ፣ በጦር ኃይል አልደፈር ያለው ምሽግ በውኃ ጥም ተሸነፈ፤ በጥር ወርም ጠላት ኮረብታውን ለቆ ወጣ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። ታሪኩን የምናነሣው ግን ስለ ጦርነት ለመናገር አይደለም። አንድ ከተማ የቱንም ያህል ግንብ ቢደረድር ሕይወቱ በውኃው ላይ የቆመ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ዛሬ እንዳ ኢየሱስ የጦር ምሽግ ሳይሆን የትምህርት ሥፍራ ሆኗል። በዚያ ኮረብታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሜዳውንና ተራራውን፣ ቤቱንና መንገዱን ያያል፤ ሐይቅ ግን አያይም። ይሁን እንጂ መቀሌ ሐይቅ አላት ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ሐይቋ ያለው ከመሬት በታች ነው። ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በአይናለም ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚቀዳው ውኃ ሕዝቡን ለብዙ ዓመታት ሲያጠጣ የኖረ ነው። በርግጥ ይህ ውኃ እንደ ጣና ተንጣልሎ የተኛ አይደለም። ዝናብ ወደ ምድር ሰርጎ በኖራ ድንጋይና በጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ባለመታየቱ የምድር ሀብትነቱ አልቀነሰም፤ ለጥፋት ግን ይበልጥ ተጋልጧል፤ ሰው የማያየውን አይጠብቅምና።

ይህን የማይታይ ሐይቅ ከሚያሠጉት ነገሮች አንዱ ነዳጅ ነው። አሳባችን ግልጽ እንዲሆን አስቀድመን ወደ ሌላ አገር እንመልከት።

በሰሜን አሜሪካ የሚገኙት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች በምድር ገጽ ላይ ካለው ጨዋማ ያልሆነ ውኃ አንድ አምስተኛውን ያህል የያዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሚሺጋንና የሂውረን ሐይቆች በሚገናኙበት ጠባብ ሥፍራ፣ በውኃው ሥር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. የተዘረጉ ሁለት የነዳጅ ቧንቧዎች አሉ። ቧንቧዎቹ በተዘረጉ ጊዜ አዲስ ነበሩ፤ የዘረጓቸውም መሐንዲሶች በሥራቸው የሚመኩ ነበሩ። ዘመን ግን ለብረት አያዝንም። በ2018 ዓ.ም. የአንድ መርከብ መልሕቅ ቧንቧዎቹን መትቶ ጎዳቸው፤ ሐይቁ የተረፈው ለጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ የግዛቱ መንግሥትና የቧንቧው ባለቤት ይዘጋ፣ አይዘጋ በማለት በፍርድ ቤት ሲሟገቱ ቆይተዋል።

በዚያው ግዛት በ2010 ዓ.ም. የደረሰው ግን በማስጠንቀቂያ ብቻ ያለፈ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. የተቀበረ ቧንቧ በሐምሌ ወር ፈንድቶ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ የሚወርደውን የካላማዙን ወንዝ ሦስት ሚሊዮን ሊትር በሚያህል ድፍድፍ ነዳጅ አበከለው። ወጣት ሹማምንት ልብ እንዲሉት የምንፈልገው የሚከተለውን ነው። ቧንቧው በተቀደደ ጊዜ የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኾ ነበር። በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበሩት ሠራተኞች ግን ነገሩን በቧንቧው ውስጥ የተፈጠረ ባዶ ቦታ ነው ብለው ስለ ተረጎሙት፣ ነዳጁን እንደገና ሁለት ጊዜ ገፉት። ፍሰቱ የቆመው ከ17 ሰዓት በኋላ ነው። ከፈሰሰውም ነዳጅ አብዛኛው የፈሰሰው ደወሉ ከጮኸ በኋላ በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ነበር። ወንዙን ለማጽዳት ከአንድ ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ጥፋቱን ያደረሰው ያረጀ ብረት ብቻ ሳይሆን፣ ደወል ሲሰማ «ምንም አይደለም» የሚል አእምሮ ጭምር ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? በአገራችን ሐይቅ ሥር የነዳጅ ቧንቧ አልተዘረጋ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ ነዳጇን የምታስገባው በዋናነት ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ እየጫነች ነው። ከጅቡቲ እስከ አዋሽ ቧንቧ ለመዘርጋት በ2007 ዓ.ም. ገደማ የተነሣውም አሳብ ወደ ሥራ አልተለወጠም። ነገር ግን ብረት ቀብረን ነዳጅ መሙላቱን እኛም እናውቅበታለን። በየከተማው ባለው የነዳጅ ማደያ ሥር ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠራቀምበት ታንክ ተቀብሯል፤ ከታንኩም ወደ መቅጃው የሚወስድ ቧንቧ አለ። ይህም ቧንቧ ቢያጥርም ቧንቧ ነው፤ ታንኩም እንደ ማንኛውም ብረት ሳይጠበቅ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከኖረ ይዝጋል።

የተቀበረ ታንክ ሲያፈስስ እንደ ቦቴ መገልበጥ አገር የሚያናውጥ ድምፅ የለውም። በጠብታ ይጀምራል። የማደያው ባለቤት ጉድለቱን በመለኪያ ስሕተት ወይም በሙቀት ያመካኛል። ነዳጁ ግን ወደ ታች ይሰርጋል። ውኃው ዘንድ ሲደርስ ከውኃ የቀለለ ስለ ሆነ በላዩ ይንሳፈፋል፤ በውስጡ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ፣ በተለይም ኬሚስቶች ቤንዞል የሚሉት፣ በውኃው ውስጥ ይሟሟሉ። ቤንዞል የደም ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ በሕክምና ሳይንስ የተረጋገጠ ነው።

የሒሳብ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም የበለጠ ቤንዞል እንዳይኖር ይመክራል። አንድ ሊትር የመኪና ቤንዚን ወደ 750 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ አንዱ እጅ ብቻ ቤንዞል ነው ብንል 7 ግራም ተኩል ይሆናል። ይህ መጠን ሁሉ በውኃ ውስጥ ቢሟሟ 750,000 ሊትር ውኃ ከተፈቀደው ወሰን ላይ ያደርሳል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 37,500 ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በወረፋ ለቀዳች እናት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጽ አያሻም።

የመቀሌ የምድር አቀማመጥም አሳቡን ያከብደዋል። ከተማዪቱና አካባቢዋ የተመሠረቱት ጂኦሎጂስቶች የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ በሚሉትና በአጉላዕ ሼል ላይ ነው። አሸዋ ውኃን እያጣራ ቀስ ብሎ ያሳልፋል፤ የተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ ግን የተቀበለውን ሁሉ ሳያጣራ በፍጥነት ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሥፍራ የፈሰሰ ነዳጅ ባልታሰበ ጉድጓድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከተማም ስትሰፋ ማደያውና ጋራዡ አብሮ ይሰፋል፤ ቀድሞ የእርሻ ማሳ ብቻ የነበረው የጉድጓዶቹ አካባቢ ነገ የመኪና ማጠቢያ ሊሆንበት ይችላል። በየጋራዡ ደጅ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይትም ከዚህ ጋር የሚቆጠር ነው።

ሐይቆቻችን ሁሉ የተሰወሩ አይደሉም። በማይጨውና በኮረም መካከል የሚገኘው የሐሸንጌ ሐይቅ ዓይን የሚያጠግብ ነው። አውራ ጎዳናውም ከአጠገቡ ያልፋል። ሐሸንጌ ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባበትን ነገር አጥቦ የሚያስወግድለት ጎርፍ የለም። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ ያፈገፍግ በነበረው ሠራዊት ላይ የፋሽስት አይሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ያዘነቡት በዚሁ ሐይቅ አካባቢ ነው። ያንን መርዝ ያመጣው ጠላት ነበረ፤ ዓለምም አወገዘው። ቦቴ ተገልብጦ ወይም ዘይት ተደፍቶ ቢበከል ግን የምናወግዘው ባዕድ አይኖርም።

ሦስተኛም ሐይቅ አለ፤ እርሱም ገና ያልተወለደ ነው። ለመቀሌ የመጠጥ ውኃ ታስቦ የተጀመረው የገረብ ግባ ግድብ ሥራ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ወደ ግባ የሚፈሱት የገንፈልና የአጉላዕ ወንዞች ከመቀሌ ወደ አዲግራት የሚወስደውን ጎዳና ያቋርጣሉ፤ ውቅሮም በገንፈል ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በላይኛው ተፋሰስ በማደያና በጋራዥ የሚፈጸመው ቸልተኝነት በታችኛው ግድብ መጠራቀሙ አይቀርም። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

መቀሌ በጦርነቱ ብዙ የተጎዳች ከተማ መሆኗን አንዘነጋም። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ሰው በየመንገዱ ዳር በጀሪካን ሲሸጠውና ሲገዛው ታይቷል፤ ውኃውም ራሱ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው። «ውኃው ሳይበቃን ስለ ንጽሕናው ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ይህ አነጋገር መልስ አለው። የተሰበረ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይለወጣል፤ የተቆረጠ መስመር ይቀጠላል። የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ግን በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አይጠራም፤ እንዲያውም ጉድጓዱን ዘግቶ ሌላ ከመፈለግ በቀር ምርጫ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ውኃው ያነሰው ከተማ ካለው ላይ የሚያጎድልበትን ነገር ከሁሉ በፊት መከላከል አለበት። ደግሞም የፈረሰው በሚጠገንበት፣ አዲስ በሚሠራበት በዚህ ወቅት ታንኩን በሚገባ መቅበር፣ ኋላ ቆፍሮ ከማውጣት እጅግ የረከሰ ነው። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥጥሩ ሲጀመር፣ ከተቀበሩ ታንኮች የፈሰሰባቸው ሥፍራዎች ተቆጥረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ያ ሀብታም አገር ዘግይቶ የተማረውን እኛ አስቀድመን ብንማረው የሚነቅፈን የለም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ተደንግጓል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። ነገር ግን አዋጅ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ታንክ አይመረምርም። ታንክ የሚመረምረው ሰው ነው።

በእኛ አስተያየት ሊደረግ የሚገባው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ፣ በከተማው ውስጥ ያለው የተቀበረ ታንክ ሁሉ ቦታው፣ የተቀበረበት ዓመትና መጨረሻ የተመረመረበት ቀን በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ያረጀ ታንክ በየጊዜው ይፈተሽ፤ ፈተናውን ያላለፈው ይውጣ። ሦስተኛ፣ በመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ዙሪያ ማደያም ጋራዥም የማይሠራበት ክልል ተለክቶ ይከበር፤ የቦታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና የውኃው መሥሪያ ቤት በአንድ ካርታ ይሥሩ። አራተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ተሰብስቦ የሚረከበው ቦታ ይዘጋጅ፤ መድፊያ ያልተሰጠው መካኒክ በመሬት ላይ ቢደፋ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና። አምስተኛ፣ ከጉድጓዶቹ የሚቀዳው ውኃ ከጀርም ምርመራ ጋር የነዳጅ ምርመራም ይደረግለት፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ለዚህም የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ዕውቀታቸውን ሊያበድሩ ይችላሉ።

ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የሚቀበር ታንክ የሚያረጀው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ፈቃዱን የፈረመው ሹም ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፤ ውኃውን የሚጠጣው ግን ዛሬ ያልተወለደው ልጅ ነው። ፊርማ ከፈራሚው ዕድሜ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ስለዚህ በጠረጴዛችሁ ላይ የማደያ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ በቀረበ ጊዜ ግብሩ መከፈሉን ብቻ አትጠይቁ። ከሥሩ ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለ፣ የቅርቡ ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ታንኩንም ማን በየስንት ጊዜው እንደሚመረምረው ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ወረቀቱ ይቆይ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የአንድ ቀን መዘግየት የአንድን ከተማ ውኃ ያድን ይሆናል።