የኪራይ ቤት ልጆች በሌሊት ማንን ይጥሩ?

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ለምትገኙ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ወላጆች

ስለ ጫት፣ ስለ አረቄና ስለ ሺሻ ለልጆቻችን የምንነግርበት መንገድ አሳስቦኝ ነው የምጽፍላችሁ። ተማሪው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ይሰለፋል፤ እንግዳው በድምፅ ማጉያ «ሱስ ትውልድ ገዳይ ነው» ይላል፤ ተጨብጭቦ ይበተናል። የጠየቀ ልጅ «አንተም ትቅማለህ ማለት ነው» ይባላል። ቅሞ የተገኘው ደግሞ ይባረራል።

ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከጋይንት ገጠሮች ለትምህርት ከተማ የሚገቡትን አስቡ። ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ፤ ስንቃቸው ከእናታቸው ቤት ይመጣል፤ ማታ ግን አብሯቸው የሚያድር ትልቅ ሰው የለም። ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ ለማባረር ጫት ይገዛል፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይከተላል። ጫቱ የስካሩን ድካም ስለሚሸፍነው ልጁ ገና ያልሰከረ ይመስለውና ይጨምራል።

አንዱ ቢወድቅ ጓደኛው ምን ያድርግ? ያላስተማርነው ይህን ነው። ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚቆራረጥ ልጅ «ተኝቶ ይለፍለት» አይባልም፤ በጎኑ ያስተኙታል፣ ብቻውን አይተዉትም፣ ሐኪም ቤት ያደርሱታል። ቀዝቃዛ ውኃም ቡናም ስካሩን አያወርዱትም። ምንነቱ ያልታወቀ አረቄ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ ጉዳቱም ብዙ ሰዓታት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ በማግሥቱ «ዓይኔን ጭጋግ ሸፈነው» ያለ ልጅ የትናንቱ ስካር ነው ተብሎ ቤት አይቀመጥ። መባረርን የፈራ ጓደኛ ግን ይህን ሁሉ ቢያውቅም በሩን ዘግቶ ይነጋልኛል ብሎ ይጠብቃል።

«እንዲህ ማስተማር መፍቀድ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ለታዳጊ የሚበጀው አለመጀመር ነው፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን እንንገራቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሻጩን መቆጣጠር የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው፤ ቅጣቱን የተሸከመው ግን ልጁ ብቻ ሆኗል። ተግሣጽ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ከሌላ አገር ማየት ይቻላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረችውና ፖሊስ ክፍል እየገባ የሚያስተምርበት ዴር የተባለው መርሐ ግብር፣ በተደጋጋሚ ሲመዘን ወጣቶቹን ከዕፅ ሲያርቅ አልታየም።

ስለዚህ ሰልፉ ይቅርና የጤና ባለሙያው ክፍል ገብቶ ከጥቂት ልጆች ጋር ይቀመጥ፤ ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በወረቀት ይስጡት፤ እሱም ለእያንዳንዱ የሚያውቀውን ይመልስ። ትምህርት ቤቶችም ጓደኛውን ሐኪም ቤት ያደረሰ፣ የታመመውም ልጅ፣ በዚያ ምክንያት እንደማይቀጡ በጽሑፍ ደንግገው ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት ለተማሪውም ለቤት አከራዩም ያሳውቁ።