«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነውን?

በዳንግላና በእንጅባራ ገጠሮች ብዙ ሰው የሚጠጣው በእጅ ከተቆፈረና ከማሳ ካልራቀ ጉድጓድ ነው። ገበሬው ቱ-ፎር-ዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት በክረምት በጤፉ ላይ ይረጫል፤ ዝናቡም ከዚያው ማሳ ወደ ታች ይሰርጋል። ውሃን ማፍላት የተቅማጥን ተሕዋስያን ይገድላል እንጂ ይህን መድኃኒት አያስወግድም። የውሃው ጥራትም ለዓይን ምስክር አይሆንም። ስለዚህ የምንታመነው በላቦራቶሪ ነው።

ታዲያ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሲመጣ ደስ ብሎን መዝገብ ውስጥ የምናስገባው ለምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ስሕተት በብዛት የሚገባው ከመሣሪያው ሳይሆን ከጉድጓዱ እስከ መሣሪያው ባለው መንገድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያመለከተው የቱ-ፎር-ዲ ወሰን በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው፤ ይኸውም አንድ ግራም ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል ሠላሳው እጅ ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለመለካት ውሃውን በማጣሪያ ቱቦ አሳልፎ መድኃኒቱን በዚያ ማከማቸት የተለመደ ነው። ነገር ግን ቱ-ፎር-ዲ በተራ ውሃ ውስጥ እጅግ ስለሚሟሟ ቱቦውን ሾልኮ ያልፋል። የሚያዘው አስቀድሞ አሲድ ተጨምሮ የውሃው ፒኤች ወደ 2 ሲወርድ ነው። ይህን የዘነጋ ባለሙያ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ባዶ ያነባል። ግላይፎሴት የተባለው ደግሞ በዚህም መንገድ አይያዝም፤ የራሱን ዘዴ ይሻል።

ባለሙያው መሳቱን በምን ይወቅ? ከዚያው ከዳንግላ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ላይ የታወቀ መጠን ጨምሮ ስንቱ እንደተመለሰለት ይለካ። መቶ ጨምሮ አርባ ካገኘ፣ ስድሳው በመንገድ ቀርቷል። እኛም በውጭ አገር ስንማር በተነጠረ ውሃ ሞክረን ረክተን ነበር፤ የጉድጓድ ውሃ ግን አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ስላለበት ጠባዩ ሌላ ነው።

ጊዜውም ያሳስበናል። ቱ-ፎር-ዲ በአፈር ውስጥ በጥቂት ሳምንታት አብዛኛው ይፈርሳል። መንገዱ ደርቆ ለመኪና ስለሚመች ብቻ በጥር የተቀዳ ውሃ ስለ ሐምሌ ርጭት ምን ይነግረናል? መቅዳት የሚገባው ከርጭቱ በኋላ ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው። ጭቃው አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን። ጠርሙሱም ጥቁር ሆኖ፣ በበረዶ ሣጥን ውስጥ እንደቀዘቀዘ ባሕር ዳር ይድረስ፤ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መምህራን ሆይ፤ የትምህርት ቤታችሁ ጉድጓድ ተመርምሮ ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ውሃው በየትኛው ወር እንደተቀዳ፣ ዘዴው ሊያይ የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ከተጨመረው መድኃኒትም ስንቱ እንደተመለሰ ተመልከቱ። ካልተጻፈበት ወረቀቱን መልሱልን።