የማኅበራዊ ሠራተኛ ማስታወሻ፦ የቀለበት ንግድና የአባት ፊርማ



በዛሬው ጽሑፌ ብዙ ወላጆች ደጋግመው ያቀረቡልኝን ጥያቄ አነሣለሁ። ይኸውም «ልጄ የራሱን ንግድ ልክፈት ብሎ ለባንክ ብድር ዋስ ሁነኝ ቢለኝ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ እጠቅሳለሁ። ቤተሰቡ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ብለው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና የሚኖሩበትን ከተማ ግን አልጽፍም።

አባትና እናት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ከጎንደር የመጡት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የመጀመሪያው ልጅ ዛሬ 26 ዓመቱ ነው። ኡልፓን እንደ ጨረሰ ራማት ጋን ውስጥ ቀለበት በሚሠራበት አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ተቀጠረ። መጀመሪያ ወለል ይጠርግ፣ ዕቃ ያመላልስ ነበር። ቆየት ብሎ ወርቅ መሞረድና ማለስለስ፣ በመጨረሻም በቀለበት ላይ ድንጋይ መሰካት ተማረ። ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ «ለእጮኛሞች በየፍላጎታቸው ቀለበት እሠራለሁ፤ በውስጡም ስማቸውን በአማርኛና በዕብራይስጥ ፊደል እቀርጻለሁ» አለ። ባንኩ 70,000 ሸቀል ሊያበድረው ተስማማ፤ ነገር ግን ዋስ፣ ማለትም አሬቭ፣ አምጣ አለው። ልጅ አባቱን ጠየቀ። አባት «አልፈርምም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እያሉ አልተነጋገሩም። እናት ናቸው ወደ ቢሮዬ የመጡት።

እኔም ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ አባት ስለ ዕዳ ብቻ ተናገሩ። ልጁ ወደ ውጭ ወጣ ባለ ጊዜ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ስሚ ልጄ፤ አባቴ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። ቀን ማረሻውን የሚያሠራው ጎረቤት፣ ማታ ልጁ ሲታመም ቡዳ በላብኝ ይለን ነበር። እኔ ልጄን ከዚያ ስድብ አወጣሁት ብዬ ነው የመጣሁ። አሁን ተመልሶ ብረት ሊቀጠቅጥ ነው?»

ይህ ንግግር ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን የርስት መሬት ስለ ተከለከሉ በእጃቸው ሥራ ኖሩ፤ ወንዶቹ ብረትና ብር ሲሠሩ፣ ግንብ ሲገነቡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በዚህ የታወቀች ናት። ያለ እነርሱ ማረሻ የሚያርስ አልነበረም፤ ሆኖም ሥራቸው ሲፈለግ እነርሱ ይናቁ ነበር። አባት የፈሩት ሥራውን ሳይሆን ስድቡን ነው።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ሁለት ነገር እንድንለይ ነገርኳቸው፤ ኀፍረቱን ለብቻ፣ ዕዳውን ለብቻ። ስለ ኀፍረቱ ልጁ ራሱ መለሰ። በራማት ጋን የአልማዝ ነጋዴዎች ማኅበር፣ እዚህ ቦርሳ የሚባለው፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በዚያ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ድንጋይ ሲሸጥ ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተጨባብጠው «ማዛል ኡ ብራኻ» ከተባባሉ ንግዱ ጸና ማለት ነው። «አባቴ፣ እዚህ እጁ የሠለጠነ ሰው ይከበራል እንጂ አይሰደብም» አላቸው። አባት ዝም አሉ።

ስለ ዕዳው ግን አባት ትክክል ነበሩ። ዋስ ሆኖ መፈረም ምስክር መሆን አይደለም። ተበዳሪው መክፈል ካቃተው ባንኩ ወደ ዋሱ ይመጣል። የሽማግሌ ቃል ለማክበር ብቻ ያላነበቡትን ወረቀት የፈረሙ ሰዎች በዚህ ቢሮ አልቅሰዋል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያም ልጁ 70,000 ሸቀሉን ለምን እንደሚፈልግ በወረቀት እንዲጽፍ ጠየቅሁት። ለድንጋይ 40,000፣ ለመሣሪያ 12,000፣ ለወርቅ 10,000፣ ለማስታወቂያና ለመስኮት 8,000 ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዘን ማኦፍ ወደሚባለው የአነስተኛ ንግድ ማማከሪያ ማዕከል ሄድን። አማካሪዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ «ድንጋዩን የምትገዛው ለማን ነው?» ደንበኛ ገና የለውም። የእያንዳንዱን ሰው ፍላጎት ጠይቆ የሚሠራ ሰው ድንጋይ አስቀድሞ ገዝቶ ማከማቸት አያስፈልገውም። ደንበኛው ቀብድ ከከፈለ በኋላ፣ የሚያምነው ነጋዴ ድንጋዩን በፊርማ ለጥቂት ቀን ይሰጠዋል፤ ካልተሸጠ ይመልሳል። ወርቁን የሚያቀልጥና በቅርጽ የሚያፈስ ሰው በየሥራው ይከፈለዋል። እርሱ ራሱ የሚሠራው ንድፉን፣ ድንጋይ መሰካቱንና ማለስለሱን ነው።

እንደዚህ ሲታሰብ የሚያስፈልገው ገንዘብ 9,500 ሸቀል ሆነ፤ ላገለገሉ መሣሪያዎች 6,000፣ ለሚዛን፣ ለማጉያ መነጽርና ለጣት መለኪያ 1,500፣ ለደንበኛ ለሚያሳያቸው የብር ናሙና ቀለበቶች 2,000። ከዚህ ውስጥ 6,000 ሸቀል በቁጠባ ነበረው። የቀረውን በአምስት ወር ከደመወዙ አጠራቀመ። የአባት ፊርማም አላስፈለገም። ቅጥር ሥራውንም አልለቀቀም፤ ሰዓቱን ብቻ ወደ ግማሽ ቀነሰ። ይህን ማወቅ ይገባል፦ የግል ሠራተኛ ንግዱ ቢዘጋበት እንደ ተቀጣሪ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሥራ አጥ ክፍያ አያገኝም።

የንግድ መዝገብን በሚመለከት ሦስት ቦታ ፋይል መክፈት ግድ ነው፤ በማዐም፣ በማስ ሃክናሳና በቢቱዋህ ሌኡሚ። ትንሽ ገቢ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ኦሴክ ፓቱር» ሆኖ ይመዘገባል። ብዙዎች በዚህ ቃል ይሳሳታሉ። ፓቱር ማለት ከማዐም ነፃ ማለት ነው እንጂ ከገቢ ግብር ወይም ከቢቱዋህ ሌኡሚ ነፃ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የኦሴክ ፓቱር ጣሪያ በዓመት 120,000 ሸቀል ነበር፤ መጠኑ ስለሚለወጥ በየዓመቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጣሪያው የሚቆጠረው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። አንድ ቀለበት በ6,000 ሸቀል የሚሸጥ ሰው 20 ቀለበት ሲሸጥ 120,000 ይሞላል። ከእያንዳንዱ የተረፈው 1,000 ሸቀል ብቻ ቢሆንም እንኳ ሕጉ የሚያየው ሽያጩን ነው። ከዚያ ካለፈ «ኦሴክ ሙርሼ» ሆኖ ማዐም መሰብሰብ አለበት። ማዐም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ስለ ሆነ የ6,000 ሸቀሉ ቀለበት 7,080 ይሆናል። ስለዚህ ይህ ልጅ ደንበኛው ድንጋዩን ከነጋዴው በቀጥታ እንዲገዛ፣ እርሱ ደግሞ የወርቁንና የእጁን ዋጋ ብቻ እንዲቀበል ማድረግን መረጠ።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከባዕድ ሳይሆን ከዘመድ ነው። የአጎቱ ልጅ የ5,400 ሸቀል ቀለበት አዘዘው። «ከዘመድ ቀብድ መቀበል ነውር ነው» ብሎ ምንም ሳይቀበል፣ ምንም ሳይጽፍ፣ ድንጋዩንም ራሱ ገዝቶ ሠራ። ቀለበቱ ባለቀ በሳምንቱ ሽማግሎች ዘር ሲቆጥሩ ልጅቱና ልጁ በስድስተኛው ትውልድ ይገናኛሉ ተባለ። እጮኝነቱ ፈረሰ። ማንም አላጠፋም፤ ቀለበቱ ግን በእጁ ቀረ። ድንጋዩን ነቅሎ ከስድስት ወር በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሠራው፤ ወርቁን በሚዛን ሸጠ። ለሠራተኞች የከፈለውና የራሱ ድካም ተደምሮ 1,700 ሸቀል ከሰረ።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለባዕድም ግማሽ ቀብድ ይቀበላል፤ በሁለት ቅጂ ይጽፋል። በወረቀቱ ላይ የጣት ልክ፣ የወርቁ ዓይነት፣ የድንጋዩ ምስክር ወረቀት ቁጥር፣ የሚደርስበት ቀን፣ እጮኝነቱ ቢፈርስ ምን እንደሚሆን ይገለጻል። የወርቅ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ይጻፋል። ውል መጻፍ ዘመድን መጠራጠር አይደለም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጣላ መጠበቂያ ነው።

አሁን ደግሞ ቀለበት ገዢ ለሆኑ ቤተሰቦች ጥቂት ልበል።

አንደኛ፣ «ካራት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። በወርቅ ላይ ሲነገር የንጹሕ ወርቁን መጠን ያመለክታል፤ የ14 ካራት ወርቅ 585፣ የ18 ካራት ደግሞ 750 የሚል ማኅተም አለው፤ ከሺህ ውስጥ ይህን ያህሉ ወርቅ ነው ማለት ነው። በአልማዝ ላይ ሲነገር ግን ክብደት ነው፤ አንድ ካራት የአንድ ግራም አምስተኛ እጅ ነው። የአልማዝ ዋጋ ከክብደቱ በተጨማሪ በቀለሙ፣ በጥራቱና በአቆራረጡ ይወሰናል። አንድ ካራት የሚመዝን ድንጋይ ከግማሽ ካራቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ከመሬት የሚወጣ አልማዝና በላቦራቶሪ የሚሠራ አልማዝ አለ። ሁለቱም እውነተኛ አልማዝ ናቸው፤ በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚለየው መሣሪያና የምስክር ወረቀት ነው። የላቦራቶሪው ዋጋ ባለፉት ዓመታት እጅግ ወርዷል። ሻጩ የትኛው እንደ ሆነ በጽሑፍ ይግለጽላችሁ።

ሦስተኛ፣ አልማዝ ጥሪት አይደለም። በአገር ቤት እናቶቻችን ማርትሬዛ ብር አቅልጠው ጌጥ ያሠሩ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ብሩ በሚዛኑ ይሸጥ ነበር። አልማዝ ግን ከሱቅ ወጥቶ ተመልሶ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ነው የሚሄደው።

አራተኛ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ በተለይ የተሠራ ዕቃ እንደ ሌላው ዕቃ ውሉን ሰርዞ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ማሰብ ነው። ለሌሎች ዕቃዎች ግን ይህን ዕወቁ፦ የኦሌ ሃዳሽ ምስክር ወረቀት ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከሻጭ ጋር ተነጋግሮ የገባውን ውል በአራት ወር ውስጥ ለመሰረዝ መብት አለው።

አምስተኛና ዋናው፣ ለጋብቻ አልማዝ ግዴታ አይደለም። በአገር ቤት ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ በሠርጉ ቀን ለሙሽራው ከሸራ ታስሮ ነበር የሚጋባው። እዚህም በሁፓ ሥር ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚሰጠው ቀለበት በልማድ ድንጋይ የሌለበት ነው፤ ምክንያቱም የድንጋዩን ዋጋ በመገመት እንዳትሳሳት ነው። ቀለበቱ የሙሽራው የራሱ ንብረት ይሁን እንጂ ውድ ይሁን አልተባለም። የድንጋይ ቀለበት ከዚያ በፊት በፍላጎት የሚሰጥ ስጦታ ነው። ለእርሱ ብሎ በወር ክፍያ ዕዳ ውስጥ የሚገባ ልጅ ካያችሁ፣ ሳትቆጡ አስቀምጣችሁ አነጋግሩት።

ከሁሉም በላይ የማያነቡትን ወረቀት አትፈርሙ። «ቤቴ ወስጄ ላስነብበው» ማለት መብታችሁ ነው። የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ፣ የማኦፍ ማዕከል፣ እንዲሁም በፍትሕ ሚኒስቴር የሚገኘው የሕግ ድጋፍ ክፍል፣ ሲዩአ ሚሽፓቲ፣ ለዚህ ነው ያሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከፈረሙ በኋላ ከመምጣት ሳይፈርሙ መምጣት ይሻላል።

ስለዚያ ቤተሰብ መጨረሻውን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ልጁ ለእናቱ ቀጭን የብር ቀለበት ሠርቶ ስማቸውን በአማርኛ ቀረጸበት። አባት ቀለበቱን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ካገላበጡት በኋላ «ጠርዙ ገና ይሻክራል፤ አባቴ ቢሆን መልስህ ሞርድ ይልህ ነበር» አሉት። ልጁም መልሶ ሞረደው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን አባት እስከ ዛሬ «ልጄ ራማት ጋን ይሠራል» ብቻ ነው የሚሉት። ምን እንደሚሠራ ገና አልተናገሩም። እኔም አልቸኮልሁም፤ ያን ያህል ዘመን የተሸከሙትን በአንድ ዓመት አውርዱ ማለት አይገባም።